ታፔላና ወያላ

አዲስ አበባ ውስጥ ለመንገድ ስም የማውጣት ሥልጣን የማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ የከተማው አስተዳደር ነው ይሏችኋል። በሕግ አዎን። በተግባር ግን ሥልጣኑ ያለው ከሚኒባስ በር ግማሽ አካሉን ወደ ውጭ አውጥቶ፣ በአንድ እጁ ጣቶች መሀል ብር ሰካክቶ፣ በሌላው የታክሲውን ጣሪያ እየደበደበ በሚጮኸው ጎረምሳ እጅ ነው። ወያላው ያልጠራው ስም፣ ምክር ቤት ቢያጸድቀው፣ ሹም መጋረጃ ቢገልጥለት፣ ማርሽ ባንድ ቢነፋለት፣ ከታፔላው ላይ ወርዶ ሰው አፍ ውስጥ አይገባም።

ይህን ለማጣራት መገናኛ ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ታክሲ ዘንድ ጠጋ ብዬ «ሚያዝያ 27 አደባባይ ትሄዳለህ?» አልኩት ወያላውን። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

«ፋዘር፣ ዛሬ እኮ ገና ታኅሣሥ ነው።»

«ቦታውን ነው የምልህ።»

«እሱን አላውቅም። እስከ ሚያዝያ እዚህ ከሚቆሙ ግን ይግቡና አራት ኪሎ እናድርስዎት።»

ገባሁ። የወረድኩትም ሚያዝያ 27 አደባባይ ላይ ነው። ጣልያን በ1928 አዲስ አበባ የገባበትም፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ከስደት የተመለሱበትም ያው ሚያዝያ 27 ቀን ነውና አደባባዩ የድል ሐውልት ቆሞለት፣ ስሙም በቀኑ ተጠርቶ ይኖራል። ከዚያ ሽቅብ ሲሄዱ ደግሞ የካቲት 12 አደባባይ አለ፤ በ1929 በግራዚያኒ ትእዛዝ ያለቁት ሰማዕታት መታሰቢያ። እሱንም ወያላው የሚያውቀው ስድስት ኪሎ ብሎ ነው። ቀኖቹን የረሳ ሰው የለም። በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ አርበኞች ይሰለፋሉ፣ ንግግር ይደረጋል። ነገር ግን አስተዳደር ስም የሚያወጣው ለማክበር ነው፤ ሕዝብ ስም የሚያወጣው ለመድረስ ነው። የሚያከብርና የሚቸኩል ሰው አንድ ቋንቋ አይናገሩም።

ከመገናኛ ወደ ኡራኤል የሚወስደውን መንገድ ውሰዱት። ታፔላው የኃይሌ ገብረሥላሴ ጎዳና ነው የሚለው። ስሙ ይገባዋል፤ ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያመጣ፣ በመስከረም 2001 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረ ሰው ነው። ክፋቱ መንገዱ የስሙን አመል አለመከተሉ ነው። ማታ 12 ሰዓት ላይ በዚያ ጎዳና የሚሄድ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ኃይሌ በርሊን ላይ ስንተኛው ኪሎ ሜትር ይደርስ እንደነበር እያሰላ ይተክዛል። ወያላው ግን ገና ድሮ ችግሩን ፈትቶታል፤ «22! 22!» ይላል። የ22 ቁጥር አውቶቡስ መዞሪያ ስለነበር ነው ይባላል። ዛሬ ያ አውቶቡስ የት እንደሚዞር የሚጠይቅ የለም። ለአንድ አውቶቡስ ቁጥር የተሰጠ ክብር የዓለም ክብረ ወሰን ከሰበረ ሯጭ ሲበልጥ ያየሁት እኛ ዘንድ ብቻ ነው።

የአፍሪካ አገሮችንም ነገር አንሡ። ከተማችን የአፍሪካ መዲና ናትና ጎዳናዎቿን ለወንድም አገሮች አከፋፍላለች። የቦሌው መንገድ ራሱ አፍሪካ ጎዳና ነው። ይህን ስም የማገኘው የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ በዚያም ላይ ከሥሩ «ቦሌ መንገድ» የሚል ማብራሪያ ይከተለዋል። ጋቦን ጎዳና አለ፤ ሰዉ መስቀል ፍላወር ይለዋል። ወደ ጉለሌ ስዋዚላንድ ጎዳና አለ፤ እዚያ መንገድ ላይ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰዎች እንኳ ስሙን ገና ሳይለምዱት፣ አገሩ ራሱ በ2010 ኢስዋቲኒ ብሎ ስሙን ለወጠ። ከሁሉም የቀናት ሩዋንዳ ናት። ቦሌ ሩዋንዳ ሲባል የማያውቅ የለም። እሷም ብትሆን ስሟ የጸናላት በታፔላ ሳይሆን ኤምባሲዋ እዚያ ስለነበረ፣ ሰውም «ሩዋንዳ ኤምባሲ ጋ» እያለ ስለወረደ ነው።

ታዲያ ሕዝብ የታላላቆችን ስም አይወድም ማለት አይደለም። ሲወድ አለቅጥ ይወዳል። ጄኔራል ዊንጌትን እዩት። እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ነው፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም ገብቶ ተዋግቷል፤ በ1936 በርማ ግንባር ሳለ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በአገሩ እንግሊዝ ስንት ሰው እንደሚያስታውሰው እንጃ። እዚህ ግን በስሙ ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ትምህርት ቤቱ ፌርማታ ሆነ፣ ፌርማታው ሰፈር ሆነ፤ ይኸው በየማለዳው «ዊንጌት! ዊንጌት! ሁለት ሰው የቀረው!» እየተባለ በታላቅ ድምፅ ይጠራል። በእስራኤልም ናታንያ አጠገብ በስሙ የሚጠራ ትልቅ የስፖርት ማሠልጠኛ አለ። ከአዲስ አበባ ሄዶ እዚያ የኖረ ሰው «ዊንጌት ነው የተማርኩት» ሲል በደንብ ካላብራራ በቀር የቱን እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል።

ዘነበወርቅም እንዲሁ ናት። ልዕልት ዘነበወርቅ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናት፤ በ1926 ገና በለጋ ዕድሜዋ አረፈች። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታሉ በስሟ ተጠራ። ሆስፒታሉ ዛሬ አለርት ነው። ንጉሡ ወረዱ፣ ዘውዱ ቀረ፣ የንጉሣውያን ቤተሰብ ስም ከየግድግዳው ተፋቀ። ዘነበወርቅን ግን ማንም አልነካት፤ ፌርማታ ነበረቻ! ደርግ ከንጉሡ ጋር ተጣላ እንጂ ከወያላ ጋር ሊጣላ አልደፈረም።

ሜክሲኮን ደግሞ ሳላነሣ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት መንግሥታት አንዷ ሜክሲኮ ናት። ውለታዋን ለመመለስ አደባባይ ሰየምንላት። እነሱም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ አደባባይና የምድር ባቡር ጣቢያ በኢትዮጵያ ስም ጠሩልን፤ የጣቢያው ምልክት የአንበሳ ራስ ነው። ኋላ ላይ «የግልጽነት አደባባይ» የሚል ጨመሩበት አሉ። አንበሳውን ከግልጽነት ጋር ምን እንዳገናኘው ባላውቅም የእኛው ሜክሲኮ ምንም ሳይጨመርበት፣ ምንም ሳይቀነስበት አለ። «ሜክሲኮ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የአውሮፕላን ቲኬት እንዳልጠየቀ ሁሉም ያውቃል።

ቸርችልም ዕድለኛ ነው። ከነፃነት በኋላ ለእንግሊዞች ምስጋና የተሰየሙ መንገዶች ብዙ ነበሩ፤ የጄኔራል ከኒንግሃም ስም ፒያሳ ላይ ነበረ፤ ዛሬ ቢጠሩት ማን አቤት ይላል? ቸርችል ግን ቀረ። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደው ሰፊ መንገድ እሱ ነው። ሰውየው በዓለም ስንት ነገር ተብሏል፤ እኛ ዘንድ ቁልቁለት ነው። «ቸርችልን ወርደህ በስተቀኝ» ይባላል። የፈረንሳዩ ደጎልም በ1958 ጎብኝተውን ሄዱ፤ አደባባያቸው ፒያሳ ላይ ቀረ። የሩሲያው ባለቅኔ ፑሽኪን ግን አደባባይ ተሰጥቶት እንኳ ሳር ቤትን ከሥፍራው ሊያነሣ አልቻለም፤ ቅድመ አያቱ የእኛ ሰው ነው እየተባለም።

የወራሪዎቻችን ነገር ከሁሉ ይብሳል። ጣልያን አምስት ዓመት ሙሉ የራሱን ሹማምንት ስም በየመንገዱ ሲለጥፍ ኖረ። ስማቸው ሁሉ አብሯቸው ሄደ። ከቀሩልን ዋነኞቹ ፒያሳና መርካቶ ናቸው፤ አደባባይና ገበያ። ሕዝቡ የሚጠቅመውን ወስዶ ጌቶቹን መለሰላቸው ማለት ነው። ከነፃነት ብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ጣልያን መጣ፤ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት። ይህኛው የማንንም ስም አልለጠፈም፤ ቤት ሠርቶ ሄደ። ዛሬ ሰፈሩ በድርጅቱ ምህፃረ ቃል ሲኤምሲ ይባላል። ጄኔራሎቹ በጦር ያላገኙትን ግንበኞች በሲሚንቶ አገኙት።

የድሮ መኳንንት ግን ይህን ሁሉ ጣጣ አያውቁትም ነበር። ምኒልክ ለራሶችና ለደጃዝማቾች ቦታ ሲሰጡ ሰውየው ከነሠራዊቱ፣ ከነአሽከሩ፣ ከነበቅሎው ሄዶ ይሰፍራል፤ ሰፈሩም በስሙ ይጠራል። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር። ታፔላ የለ፣ የምረቃ ሥነ ሥርዓት የለ። እዚያ ስለኖረ ነው የተጠራለት። ራስ መኮንን ድልድይና ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይም ይኸው ከመቶ ዓመት ወዲህ ስማቸውን እንደያዙ አሉ። ድልድይ መልካም ነገር ነው፤ ሰው ሳይወድ በግድ ያልፍበታል። ደግሞም ማዕረግ ይበላል፤ የዓድዋው ጀግና ራስ መኮንን «ራስ መኮንን ወራጅ አለ!» ሲባሉ በሕይወት ቢሰሙ ማን ነው ያወረደኝ ብለው ሰይፍ ይመዙ ነበር።

መኳንንቱ ያልደረሱበትን ሕዝቡ በራሱ ሰይሞታል፤ በዚህ በኩል ይሉኝታ የለውም። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ። የትኛው ምክር ቤት ነው ለሰፈር እሪ በከንቱ የሚል ስም የሚያጸድቅ? ከሁሉ ግን የማደንቀው ሰባራ ባቡርን ነው። በምኒልክ ዘመን የመጣ በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ተበላሽቶ እዚያ ቆሞ ቀረ፤ ስሙም በዚያው ጸና ይባላል። ልብ አድርጉ፤ ባቡሩ እየሠራ ሳለ ሰፈር አልተሰየመለትም። በመሰበሩ ነው የተከበረው። ይህን ሳስብ በየጊዜው የምንመርቃቸው ፕሮጀክቶች ለምን በሕዝብ ዘንድ ስም እንደሚያጡ ይገባኛል፤ ገና አልተሰበሩም። ትንሽ ይታገሡ።

መንግሥት ሲለወጥ የሚሆነውን ደግሞ እናንተም ታውቁታላችሁ። በዘውዱ ዘመን አውሮፕላን ማረፊያው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ዩኒቨርሲቲው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ስታዲየሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ቴአትር ቤቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር። ከተማውን ሙሉ በአንድ ሰው ስም መዞር ይቻል ነበር። አብዮቱ መጣና በአንድ ሰሞን ሁሉንም ፋቀ። ዛሬ የንጉሡን ስም በትልቁ የተሸከመ ጎዳና ማየት የፈለገ ሰው ናይሮቢ መሀል ከተማ ይሂድ፤ እዚያ ኃይለ ሥላሴ ጎዳና አለ፤ ዳሬሰላምም አለ። ደርግ በተራው መስቀል አደባባይን አብዮት አደባባይ አለው፤ ሌኒንን ከነካፖርቱ አምጥቶ ተከለ። ሐውልቱ ወደ ፊት ሲራመድ የተቀረጸ ነውና አቅጣጫውን ያየ የአዲስ አበባ ሰው «ወደ ቦሌ ነው የሚሮጠው» እያለ ይቀልድ ነበር። በግንቦት 1983 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በቦሌ በኩል ወጡ፤ ሌኒንም በዚያው ሳምንት ተገነደሰ፤ አብዮት አደባባይም ወደ መስቀል አደባባይነቱ ተመለሰ። ማርክስ ግን ዩኒቨርሲቲው አጠገብ በቀይ ድንጋይ እንደተጠረበ ቀረ፤ ከተማሪ መሀል ማን ይገፋዋል።

በዚህ ሁሉ ግርግር የወያላው መዝገብ ላይ ስንት ማሻሻያ የተደረገ ይመስላችኋል? ከአብዮት አደባባይና ከአንድ ሁለት ሌሎች በቀር አንድም። አውሮፕላን ማረፊያው ድሮም ቦሌ፣ ዛሬም ቦሌ። ስታዲየሙ ድሮም ስታዲየም። ዩኒቨርሲቲው ስድስት ኪሎ። ንጉሥ ሄደ፣ ሊቀመንበር ሄደ፣ ሌላው መጣ፤ ወያላው የቀረውን አንድ ፊደል ሳይለውጥ ሥራውን ቀጠለ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ በ2005 ለባቡሩ ሥራ ተነሥቶ እስከ 2008 በሌለበት ጊዜ ሰዉ «አቡነ ጴጥሮስ ጋ» ይል ነበር። ጳጳሱ ሙዚየም ነበሩ፤ ቦታቸው ግን እንደታዘዘችው ትጠብቃቸው ነበር።

ስለዚህ ስሙ ከመቃብሩ በላይ እንዲኖርለት የሚመኝ ባለሥልጣን ካለ (አለ እንጂ፣ ለምን የለም!) በነፃ ልምከረው። ስሙ አጭር ይሁን፤ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ በአንድ ትንፋሽ ካልተጠራ ወያላ አይቀበለውም። ክቡር፣ ዶክተር፣ ኢንጂነር የሚባሉትን ከበር ይተዋቸው። ማሳለጫ ወይም ፈጣን መንገድ በስሙ ከሰየሙለት ተታለለ፤ ማሳለጫ ላይ ወራጅ የለም፤ ወራጅ የሌለበትን ስም የሚጠራ የለም። ሆስፒታል ይለምን። ዘውዲቱን፣ ባልቻን፣ ራስ ደስታን ያቆያቸው ሕመማችን ነው። ደርግ የልዑል መኮንንን ሆስፒታል ጥቁር አንበሳ ሲለው ተቀበልነው፤ ጠላትን የተዋጉ አርበኞች ስም ነውና አላማረርንም። እንደ እኔ ግን ከሁሉ የሚያዋጣው ገና በሕይወት እያለ አንድ ድልድይ ማሠራት ነው፤ ባይሆን አንድ ባቡር መስበር።

ይህን ሁሉ የምለው በቅርቡ እኔም ስም አውጪ ኮሚቴ ውስጥ ስለገባሁ ነው። ሰፈራችን ገንዘብ አዋጥቶ የውስጥ ለውስጥ መንገዱን ኮብልስቶን አስነጠፈ። ከወርሃዊው የእድር ስብሰባ በኋላ ድንኳኑ ሳይነቀል «መንገዱ ስም ያስፈልገዋል» ተባለ። ከዚያ በፊት ስም አልነበረውም ማለት አይደለም። ጥግ ላይ ካለው ግቢ በር ሥር ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ውሻ አለ፤ ዕቃ የሚያመጣ ሁሉ «ውሻው ጋ ነኝ» ብሎ ይደውላል። ሽማግሌዎቹን ያስቆጣቸው ይኸው ነው። «ይህን ያህል ገንዘብ አዋጥተን ውሻው ጋ እንባል?»

የእድራችን ሊቀመንበር ለምረቃው የተጋበዘውን የወረዳ ሹም ስም አቀረቡ። ገንዘብ ያዧ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሼ፣ ቢነሡስ?» አሏቸው። «ታፔላ ማስጻፍ በነፃ አይደለም። በየሹም ሽሩ ቀለም እየገዛን አንዘልቀውም።» ሐሳቡ በዚሁ ወደቀ። ቀጥሎ ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ ያዋጡት ነጋዴ ተነሡ፤ የአራት ወር የእድር ውዝፍ እንዳለባቸው የገንዘብ ያዧ መዝገብ መሰከረ። ከዚያ የሰፈራችን ሟች አርበኛ ታሰቡ። በእሳቸው ሁሉም ተስማማ፤ አጨበጨብንም። ግን አንደኛው ልጃቸው ማዕረጋቸው ሻምበል ነው ሲል ሌላው ሻለቃ ነው አለ፤ በመንገድ ስም ተጀምሮ ወደ ውርስ ክርክር ሲያመራ ሊቀመንበሩ ሻይ ይምጣ ብለው አበረዱት።

ማንንም ላለማስቀየም ማንንም የማይጠቅስ ስም ተመረጠ። ልማትም አለበት፣ ሰላምም አለበት፣ አንድነትም አለበት፤ በመጨረሻ የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር ተዘነጋ ስለተባለ እሱም ተጨመረ። ጽሑፉ ረዝሞ ሠዓሊው ፊደሉን እያሳነሰ እያሳነሰ ሄዶ የመጨረሻውን ቃል ወደ ጎን አጥፎ ጻፈው። ታፔላውን ለመስቀል ጠንካራ ግድግዳ የተገኘው ያው ጥግ ላይ ነው፣ ከውሻው በላይ።

በሳምንቱ ቤት ያዘዝኩት ዕቃ መጣ። ልጁ ደወለ።

«ጋሼ፣ ደርሻለሁ። ታፔላው ጋ ነኝ።»

ደስ አለኝ። «ጎበዝ! ምን ይላል ታፔላው?»

«ማን አንብቦት! ይሄ ውሻ መች ያስቆማል? ቶሎ ይውጡልኝ።»